በለቅሶ ድንኳናችን ሥር ያለፈው ኢንተርኔት

«ተጫዋቿ በራሷ ፈቃድ ጨዋታውን አቋርጣ ወጥታለች።»

ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ይህ ነበር። በራሷ ፈቃድ ይላል። ያን ቀን ለመጫወት ስል ጎረቤቴ አርፈው እንባዬን ሳልጨርስ ከቤት የወጣሁት እኔ፣ እናቴን ያስቀየምኩት እኔ፣ ጨዋታውን እየመራሁ የነበርኩት እኔ፣ በራሴ ፈቃድ አቋርጬ ወጣሁ ተባልኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ስሜ ምሕረት ነው። ያኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ጫማዬን የጨረስኩ የቀጨኔ ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሳነብ፣ ማስረጃዬን ኮፒ ሳስደርግ፣ ከፒያሳ እስከ ዊንጌት ስመላለስ እቆይና ከሰዓት በኋላ ከድር ጌም ቤት እገባለሁ። ከድር ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወረድ መታጠፊያው ላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ከሱቁ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ቴሌቪዥንና የጌም ማሽን አስገብቶባት የሰፈሩን ወጣት ሰብስቦባታል። መጀመሪያ አካባቢ ወንዶቹ «አንቺ ደግሞ ምን ጠፍቶሽ ነው እዚህ የመጣሽው?» ይሉኝ ነበር። በኳስ ጌም ተራ በተራ ሳሸንፋቸው ጊዜ ግን ወንበር ይለቁልኝ ጀመር። «ምሕረት የለሽ» የሚል ቅጽል ስምም አወጡልኝ። እማዬ ይህን ስትሰማ «ሥራ የለሽ ቢሏት እውነቱን በተናገሩ» አለች።

እንዲህ እያልን ሳለን ነው አንድ ድርጅት ወደ ሰፈራችን የመጣው። ስሙን አልጠራም፤ ክስ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። በወጣት ማዕከሉ ግቢ ሰብስበውን አዲስ ነገር ይዘንላችሁ መጥተናል አሉ። ከእንግዲህ የጌም ማሽን መግዛት ቀረ። ጨዋታው ያለው ውጭ አገር በሚገኝ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እናንተ እዚህ ቁልፍ ስትጫኑ ትእዛዙ በኢንተርኔት እዚያ ይደርሳል፣ ኳሱ እዚያ ይመታል፣ ምስሉ ደግሞ በዚያው ፍጥነት ተመልሶ ዓይናችሁ ሥር ይመጣል። የሚያስፈልጋችሁ ስክሪንና ኢንተርኔት ብቻ ነው አሉን። ከድር ከኋላ ቆሞ ሲሰማ ቆየና «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እኛ ሳቅንበት። ገበያው ሊቀርበት ስለሆነ ቀንቶ ነው አልን።

አገልግሎቱን ለማስተዋወቅ ውድድር ተዘጋጀ። የሚያሸንፈው ሰው ለምሥራቅ አፍሪካ ውድድር ናይሮቢ ይሄዳል፤ ሲመለስም ድርጅቱ ውስጥ በአሠልጣኝነት ይቀጠራል። ሥራ የሚለው ቃል ነው የያዘኝ። በዲግሪዬ ያላገኘሁትን በአውራ ጣቴ ላገኘው ነው አልኩ።

የኢንተርኔት መስመሩ ከአስፋልቱ ተነስቶ በኛ መንደር በኩል ወደ ወጣት ማዕከሉ ነው የወረደው። እዚህ ላይ ስለ መንደራችን አንድ ነገር ልታውቁ ይገባል። ቀጨኔን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰፈሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እኛ መንደር ውስጥ ሜዳ የምትባል ቦታ ያለችው ከጋሽ ደምሴ ቤት ፊት ለፊት ብቻ ነች። ሰርግም ሆነ ለቅሶ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ድንኳን የሚተከለው እዚያች ላይ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ እድሩ ተጨነቀ። ድንጋይ ላይ ካስማ አይመታም። በመጨረሻ ተመካክረው በመንገዱ ዳርና ዳር ካስማ የሚያርፍባቸውን ድንጋዮች ላላ አደረጓቸው። ለቅሶ ሲኖር ድንጋዮቹ ይነሳሉ፣ ካስማው አፈሩ ላይ ይመታል፤ ድንኳኑ ሲነሳ ደግሞ ድንጋዮቹ በቦታቸው ይመለሳሉ። ይህን ሥራ የሚሠራው የእድሩ ንብረት ያዥ የሆነው የኔ አባት ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ፣ መዶሻው ሁሉ በሱ እጅ ናቸው። የትኛው ድንጋይ እንደሚነሳ እንኳን እድርተኛው፣ መንደሩ ውስጥ ብይ የሚጫወት ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

የድርጅቱ ቆፋሪዎች ግን አያውቁም። የጠየቁም ሰው የለም። ለአገልግሎቱ ምረቃ ተቸኩሎ ስለነበር በጥድፊያ ነበር የሚሠሩት። ዳቦ ልገዛ ስወጣ አይቻቸዋለሁ፤ ከላይ ጀምሮ ድንጋዩን በዲጂኖ እየፈነቀሉ ሲወርዱ ላባቸው ጠብ ይላል። ጋሽ ደምሴ ደጃፍ ሲደርሱ ድንጋዩ በእጅ ሲነሳላቸው ጊዜ ተገላገልን ብለው ተሳሳቁ። ቀጭኑን ጥቁር ገመድ ዘረጉት፣ አፈር መለስ አደረጉበት፣ ድንጋዩን ከደኑበት፣ አለቀ። ይህ ድንጋይ ለምን ላላ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ማጣሪያዎቹን ማዕከሉ ውስጥ በተዘጋጀችው ክፍል ተጫወትኩ። እውነቱን ልናገርና ከመጀመሪያውም ነገሩ ደህና አልነበረም። ቁልፉን ስጫን ተጫዋቼ የሚታዘዘው ዘግየት ብሎ ነው። አጥቂው አልፎኝ ከሄደ በኋላ ነው ተከላካዬ እግሩን የሚሰነዝረው። መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ምስሉ እንደ አሮጌ ቪዲዮ ይቆራረጣል። ስንጠይቅ «ትለምዱታላችሁ» አሉን። እኔም ለመድኩት። ኳሱ ከመድረሱ በፊት አስቀድሜ መጫን ተማርኩ። ተጋጣሚዬ ወዴት እንደሚዞር ሳይዞር መገመት ተማርኩ። የነሱን ጉድለት በገዛ ጣቶቼ እየሞላሁ ሳሸንፍ፣ እነሱ ደግሞ የኔን ማሸነፍ ለአገልግሎታቸው ጥራት ማስረጃ አድርገው በየማኅበራዊ ገጻቸው ይለጥፉ ነበር።

የፍጻሜው ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተጋጣሚዬ ቦሌ አካባቢ ካለ አዳራሽ ሆኖ ይጫወታል፣ እኔ ከማዕከላችን።

የዚያን ዕለት ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ለረጅም ጊዜ ታመው የተኙት ጋሽ ደምሴ አርፈዋል። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ስሄድ የተላጠ ጫማዬን ያለ ክፍያ የሚሰፉልኝ ሰው ነበሩ። እየሮጥኩ ሄድኩ፣ አለቀስኩ። ልጃቸው ከሐዋሳ እስኪደርስ ቀብሩ እሑድ እንዲሆን ተወሰነ። ቀትር ላይ ወደ ቤት ገብቼ ልብሴን ስቀይር እማዬ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ሰው ሞቶ ጌም የሚባል ነገር በዘሬ ሰምቼ አላውቅም አለች፤ ጎረቤት ምን ይለናል አለች። አባዬ ነው የገላገለኝ። የድንኳኑን ብረቶች እየቆጠረ ለልጆቹ ሲያስረክብ ቆይቶ ቀና አለና «ጋሽ ደምሴ ቢኖር ሂጂ ነበር የሚልሽ። እኔ እዚህ አለሁ፤ ባንቺም ፋንታ እኔ እቆማለሁ። አንቺ ሂጂና አሸንፊ» አለኝ።

ሄድኩ። ሳልፍ ሜዳዋ ላይ ድንኳኑን ዘርግተው ምሰሶውን እያቆሙ ነበር።

ድርጅቱ ያን ቀን ያላዘጋጀው ነገር አልነበረም። ጄኔሬተሩ ተዘጋጅቷል፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚይዝ ባትሪ አለ፣ ባነር አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ፣ ስማቸው የተጻፈበት ቲሸርት አልብሰውኛል። ጨዋታው ተጀመረ። መጀመሪያ ገባብኝ። ከዕረፍት በፊት አቻ አደረግሁ። ከዕረፍት መልስ በግራ ክንፍ ሰብሬ ገብቼ ሁለተኛውን አስቆጠርኩ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የሰፈሬ ልጆች ለቅሶ መኖሩን አስታውሰው ጩኸታቸውን በእጃቸው አፈኑት። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል። የማውቀው ድምፅ ነው፤ የአባዬ አመታት ነው። እንዲያውም እዚህ አለሁልሽ የሚለኝ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ምስሉ ቆመ። ተጫዋቼ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። ለምጄዋለሁና ቁልፉን መጫኔን አላቆምኩም፤ ይመለሳል ብዬ ነው። ስክሪኑ ላይ ክቡ ነገር ሲዞር፣ ሲዞር ቆየና ጠቆረ። ቀጥሎ ያ ጽሑፍ መጣ።

የድርጅቱ ባለሙያ የኢንተርኔቱን ሳጥን አጥፍቶ አበራው። አልሆነም። በስልኩ ወደ ቦሌው አዳራሽ ደወለ። የጨዋታው ኮምፒውተር ያለው ውጭ አገር ነው፣ የወሰነውም ሲስተሙ ራሱ ነው፣ ማንም ሊለውጠው አይችልም ተባለ። እኔ መቆጣጠሪያውን ይዤ እዚያው ተቀምጬ ነበር። «አልወጣሁም እኮ። እዚሁ ነኝ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ፣ «ግን ሲስተሙ አያውቅም።»

ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ መስመሩን ተከትሎ ወጣ። እኛም ተከተልነው። እየፈተሸ፣ እየፈተሸ ሄዶ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገባ። ሐዘንተኛው በአግዳሚው ዙሪያ ተቀምጧል፤ ይህ ልጅ በቲሸርት ጎንበስ ብሎ በሰው እግር መካከል መሬት ይፈትሻል። ዳር ላይ ካለው ካስማ አጠገብ ሲደርስ ቆመና «እዚህ ጋ ነው። ይሄ ብረት ይነቀል» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

አባዬ መዶሻውን ይዞ ቆሞ ነበር። ካስማውን በራሱ እጅ ነቀለው። ጫፉ ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቁራጭና እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርጭቆ መሳይ ክር ተጠምጥሞበታል። መጀመሪያ አልገባውም፤ ክሩን በጣቱ አገላብጦ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። የለበስኩትን ቲሸርት፣ ያበጠ ዓይኔን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ያን ፊት ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ካስማውን አንድ ድንጋይ አልፎ እንደገና መታው፤ ለቅሶ ነዋ፣ ድንኳኑ መወጠር አለበት።

ያን ሌሊት እሱም አልተኛም፣ እኔም አልተኛሁም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ።

እሑድ ቀበርን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት መኪና አስፋልቱ ዳር ቆመችና የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነኝ የምትል ወይዘሪት ሊዲያ መጣች። ካሜራ የተሸከመ ሰው ተከትሏታል። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ሥርዓቱን ጠብቃ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለች፣ ተቀመጠች፣ የቀረበላትንም ንፍሮ ቀመሰች። እንዲህ አድርጋ ስትገባ በሆዴ ደግ ሰው ነች አልኩ። ከዚያ ወደ ዳር ጠራችኝ። አባዬም፣ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ይልማም በአቅራቢያው ነበሩ።

ኃላፊዎቹ አጨዋወቴን እንደወደዱት ነገረችኝ። ጨዋታው እንዲደገምልኝ ማድረግ እንደሚችሉም ነገረችኝ። ሲስተሙ ወስኗል፣ ማንም አይለውጠውም ተብሎ አልነበረም? ለካ ሲፈልጉ ይለወጣል።

«አንዲት አጭር ቪዲዮ ብቻ ነው የምንፈልገው» አለችኝ። «ነዋሪዎች መስመሩ ላይ ጉዳት በማድረሳቸው ግንኙነቱ እንደተቋረጠ፣ አገልግሎቱ ግን ምንም እንከን እንደሌለበት ትናገሪያለሽ። ምረቃው ደርሷል፤ ሕዝቡ ጥርጣሬ እንዳይገባው ነው።»

አልዋሻችሁም፣ ልቤ ናይሮቢ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ምን አለበት የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቷል። አባዬ ቀረበና ኮፍያውን አወለቀ።

«ልጄ ምን አጠፋች? ካስማውን የመታሁት እኔ ነኝ። እኔ ልናገር፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ። እሷ ጨዋታዋን ትጫወት።»

ወይዘሪት ሊዲያ ትንሽ አሰብ አደረገችና ይሻላል አለች፤ እንዲያውም ከሱ አፍ ቢወጣ ሰው ያምናል አለች። አባቴን ድንኳኑ በር ላይ አቆሙት። ኮፍያውን ጨብጦ፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ባለካሜራው «ትንሽ ወደ ግራ ጋሼ፣ ካስማው እንዲታይ» አለው። አባዬም ወደ ግራ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። ዕድሜ ልኩን የሰው ሬሳ ሜዳ ላይ እንዳያድር፣ ሐዘንተኛ ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው ሲል መዶሻ የተሸከመ ሰው፣ ለጎረቤቱ ድንኳን ስለተከለ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ያውም ማንን?

«አባዬ፣ ተቀመጥ» አልኩት። አልሰማኝም መሰለኝ፣ ደገምኩለት። «ተቀመጥ፤ ያጠፋኸው ነገር የለም።»

ካስማው አጠገብ በርከክ አልኩና አንዱን ድንጋይ በእጄ አነሳሁት። አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር ሳደርገው ገመዱ ወጣ። መቆፈሪያ አላስፈለገኝም። ባለካሜራውን «ይሄን ቅረጸው» አልኩት። እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ፣ ሽንኩርት እንኳ ከዚህ ጠልቆ ይተከላል አልኩ። ይህ ድንጋይ ለምን እንደላላ ማንን እንደጠየቁ ጠየቅኋቸው። የዓለምን ጨዋታ በዚህች ክር አመጣለሁ ያለ ድርጅት፣ ክሩን የሚያሳልፍበት መንደር ውስጥ ሰው እንደሚሞት አያውቅም ወይ አልኩ። እንባዬ ቢመጣም ጨረስኩት። ባለካሜራው ካሜራውን ቀስ ብሎ ወደ መሬት አወረደው።

ወይዘሪት ሊዲያ አልተቆጣችም። እሱ ነው የሚያናድደኝ፤ በፈገግታ ነው የመለሰችልኝ። «ምሕረት፣ የኛ አገልግሎት ዝግጁ ነው። ዝግጁ ያልሆነው አካባቢው ነው።»

ጋሽ ይልማ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ።

«የኔ ልጅ» አሏት፣ «ይህ አካባቢ አንድ ጥሩንባ ሲነፋ ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ውኃውን ቀድቶ፣ የሚያለቅስ ሰው ጭምር ይዞ ይገኛል። ከዚህ የበለጠ ዝግጁ አካባቢ የት አይተሻል?»

ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች። ስትወጣ ግን እንደ ማስታረቂያ ይሁን እንደ ማሳሰቢያ እንጃ፣ ወደፊት ድንኳን ስንተክል ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት አስቀድመን ብናሳውቃቸው ጥሩ እንደሆነ ተናገረች።

«እኛስ እሺ» አሏት ጋሽ ይልማ። «ለሟቹ ማን ይንገርልን?»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። የጋሽ ደምሴ ልጅ ራሱ በሐዘን መካከል ሳቀ። ወይዘሪት ሊዲያ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አባዬ እጅ ላይ አኑራ ሄደች። እሱ ብቻ አልሳቀም። ካርዱን በጥንቃቄ ኪሱ ከተተው።

ጨዋታው አልተደገመም። የቦሌው ልጅ ናይሮቢ ሄደ፤ ይቅናው፣ እሱ ምን አደረገኝ? የምረቃው ዕለት ግን አንድ ነገር ሆነ። በትልቅ ሆቴል አዳራሽ፣ ባለሥልጣን በተገኘበት፣ «ያለ ማሽን፣ በኢንተርኔት ብቻ» እያሉ ጨዋታውን በግዙፍ ስክሪን አሳዩ። በስልኬ በቀጥታ አየሁት። አንድም ሳይቆራረጥ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ራሴን እስክጠራጠር ድረስ ማለት ነው። በማግስቱ ከድር ሱቅ ስሄድ የጌም ማሽኑን በጨርቅ እየወለወለ አገኘሁት። ወዴት ወስደኸው ነበር ስለው መጀመሪያ ሊደብቀኝ ሞከረ፣ ኋላ ግን ነገረኝ። የድርጅቱ ሰዎች ለምረቃው ተከራይተውት ነበር። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከባነሩ ጀርባ አስቀምጠው ነው ያጫወቱት። መስመሩን እነሱም አላመኑትም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ እኔ አዲስ ነገር ጠልቼ አይደለም። ጨዋታው ደመና ከሚሉት ከዚያ የውጭ ኮምፒውተር ወርዶ ማሽን መግዛት የማይችል የቀጨኔ ልጅ እጅ ቢገባ ከኔ በላይ የሚደሰት የለም። ግን ዝግጁ ነን ሲሏችሁ ምኑ ነው የተዘጋጀው ብላችሁ ጠይቁ። ባነሩ ነው? ቲሸርቱ ነው? መብራቱ ሲሄድስ? ኮምፒውተሩ ያለበት አገር ስንት ባሕር ማዶ ነው? ቁልፍ ተጭነን መልሱን የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው? ከሁሉ በፊት ደግሞ ምን ያህል ጠልቃችሁ ቆፈራችሁ በሏቸው፤ ከመቆፈራችሁ በፊትስ ማንን ጠየቃችሁ? እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ሳልጠይቅ የምወጣው ስብሰባ የለም። አሁን ሽሮ ሜዳ አንድ የሀገር ልብስ መደብር ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጌም የምጫወተው እሑድ እሑድ ከድር ጋ ነው። እድሩም ውስጥ በወላጆቼ ስም ሳይሆን በራሴ ስም ተመዝግቤያለሁ፤ ድንኳን ሲተከል ከአባዬ ጋር ነኝ። የዕድሜ እኩዮቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ቁጭቴ ግን በዚህ አላበቃም። አባዬ ያቺን ካርድ አልጣላትም። የሌላ ሰው ልጅ እንደኔ ዕድሉ እንዳይቆረጥ ፈርቶ፣ በመንደራችን ሰው በሞተ ቁጥር ካስማ ከመምታቱ በፊት ይደውል ነበር። ጋሽ ይልማ ተው አሉት፣ እኔም ለመንኩት፣ አልሰማም። አንዳንዴ አንድ ሰው ያነሳና «እናሳውቃለን» ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ማንም አያነሳም። ማዕከሉ ውስጥ ያለችው ክፍል ከምረቃው ወዲህ ተቆልፋለች፤ በሯ ላይ «በቅርቡ ይጀመራል» የሚል ባነር ስለተሰቀለ ይጀመራል ብለን እንጠብቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት እማማ ብርቄ የሚባሉ ጎረቤታችን አረፉ። ዝናቡ ያካፋል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ነው፣ ልጆቻቸው በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ይበሰብሳሉ፣ አባዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ጥሪዎ ለኛ አስፈላጊ ነው ትላለች፣ ከዚያ ዘፈን ይለቀቃል። ዓይኔ እያየ ለሐዘንተኛ ዘፈን። መዶሻውን ከእጁ ነጠቅሁና ድንጋዩን አንስቼ ካስማውን እኔ መታሁት። አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው ሄድኩ። አባዬ «ገመዱስ?» አለኝ። ሄጄ አየዋለሁ፣ የተቆረጠ ካለ እኔ እጠየቃለሁ አልኩትና ወደ ማዕከሉ ወረድኩ።

የማዕከሉ ዘበኛ የትኛው መስመር ብለው ጠየቁኝ። የጌሙ አልኳቸው። በሩን ከፍተው አሳዩኝ። ክፍሏ ባዶ ነበረች። ምረቃው ባለፈ በሳምንቱ የድርጅቱ ሰዎች መጥተው ሳጥኑንም ስክሪኑንም ነቅለው እንደወሰዱ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ገመድ ውስጥ ያለፈ ምንም ነገር የለም።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ አባዬ ስልኩን ዘግቶ፣ በተረፈው የድንኳን ጥቅል ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ያየሁትን ነገርኩት። ከኪሱ ካርዷን አወጣና በዝናቡ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ጠየቀኝ።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ማንን ነበር የማስፈቅደው?»